የአንድ ሸክላ ዕድሜና የፈቃዱ ወረቀት፦ የዴ ላ ሶል የ1989 አልበም ታሪክ

መግቢያ

አንድ ሥራ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ብቻ ለተጠቃሚው ደርሷል አያሰኝም። እንዲነበብ፣ እንዲደመጥና እንዲባዛ የሚያስችለው መብት በማን እጅ እንዳለ ካልታወቀ፣ ሥራው በሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ እንደ ጠፋበት ዕቃ ይቈጠራል። ይህ ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም የድምፅ ቅርስን በተመለከተ ደጋግመን የምንዘነጋው ጉዳይ ነው። የሸክላውን ንጽሕና እንመረምራለን፤ የካሴቱ ክር እንዳይበጠስ እንጠነቀቃለን፤ የማከማቻ ክፍሉን ሙቀትና እርጥበት እንለካለን። ሥራው የተሠራበትንና ለሌላ የተላለፈበትን ውል ከዕቃው ጋር አያይዘን ስለ ማስቀመጥ የምናስበው ግን አልፎ አልፎ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ የታወቀ ምሳሌ ማቅረብ ነው። ምሳሌው የተወሰደው ከአሜሪካ የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ ታሪክ ነው። በ1989 ዓ.ም. «ዴ ላ ሶል» የተባሉ ሦስት ወጣቶች «ስሪ ፊት ሃይ ኤንድ ራይዚንግ» ብለው የሰየሙትን የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። የስሙ ትርጉም «ከፍታው ሦስት ጫማ ደርሶ ገና እየጨመረ» እንደ ማለት ነው። አልበሙ በወጣበት ዓመት በሰፊው ተመሰገነ፤ ከሃያ ዓመት በኋላም የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ የድምፅ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ይህ ሁሉ ክብር እያለው ግን፣ ሙዚቃ ከሸክላና ከካሴት ወጥቶ በኢንተርኔት መስመር መሠራጨት ከጀመረ በኋላ፣ አልበሙ እስከ ማርች 3 ቀን 2023 ዓ.ም. ድረስ በመደበኛዎቹ የሙዚቃ አገልግሎቶች ዘንድ አይገኝም ነበር። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ሂፕ ሆፕ ከሸክላ ክምችት የተወለደ ጥበብ ስለ መሆኑ

የሂፕ ሆፕ መነሻ እንደ ሌላው ሙዚቃ የመሣሪያ ተጫዋች ጣት ወይም የድምፃዊ ጕሮሮ ብቻ አልነበረም። መነሻው የሸክላ ክምችት ነበር። በታሪኩ ዘወትር የሚጠቀሰው ቀን ኦገስት 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዕለት በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ ክፍለ ከተማ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኝ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በተደረገ የወጣቶች ጭፈራ ላይ፣ በጃማይካ የተወለደው ክላይቭ ካምቤል፣ በቅጽል ስሙ ኩል ኸርክ፣ ሸክላ ያጫውት ነበር። ኩል ኸርክ ጨፋሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ከበሮው ለብቻው የሚሰማበትን አጭር ክፍል መሆኑን ተመለከተ። ስለዚህም የአንድ ዓይነት ሸክላ ሁለት ቅጂዎችን በሁለት ማጫወቻዎች ላይ አስቀምጦ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ያችን አጭር ክፍል ማርዘም ጀመረ። በዚህ በተራዘመው ከበሮ ላይ ግጥም እያሰናኙ መናገር ቀስ በቀስ ራፕ የተባለውን ጥበብ አስገኘ።

በ1979 ዓ.ም. የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» የተባለ ሸክላ ይህን የመንደር ጨዋታ ወደ ገበያ አወጣው። በዚህ ሥራ ላይ የ«ሺክ» ቡድን «ጉድ ታይምስ» የተባለ ዘፈን ስልት በስቱዲዮ ሙዚቀኞች እንደ ገና ተጫውቶ ስለ ገባ፣ የመጀመሪያዎቹ ደራሲያን ናይል ሮጀርስና በርናርድ ኤድዋርድስ ተቃውሞ አቅርበው ስማቸው ከደራሲዎቹ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ሆነ። እንግዲህ የመብት ጥያቄ ከጥበቡ ጋር አብሮ የተወለደ እንጂ ኋላ የመጣ አይደለም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ «ሳምፕለር» የሚባለው መሣሪያ ዋጋው እየቀነሰ ወደ ወጣቶቹ እጅ ደረሰ። መሣሪያው ከማንኛውም ሸክላ ላይ አጭር ቅንጫቢ ድምፅ ወስዶ ወደ አኃዝ በመለወጥ በማስታወሻው ይይዛል፤ ከዚያም ቅንጫቢውን እየደጋገመ፣ እያፈጠነ ወይም እያዘገመ መልሶ ያሰማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ታዋቂው ኤስ ፒ 1200 በጠቅላላው ሊይዝ የሚችለው የዐሥር ሴኮንድ ያህል ድምፅ ብቻ ነበር። ባለሙያዎቹ ይህን ጥበት ለማለፍ ሸክላውን ከተገቢው ፍጥነት በላይ እያሽከረከሩ ይቀዱና፣ በኋላ በመሣሪያው ውስጥ መልሰው ያዘገዩት ነበር። የቦታው ጥበት ራሱ ጥበብን አስተማረ፤ ቅንጫቢዎቹ አጫጭር፣ ብዙና ከልዩ ልዩ ምንጭ የተለቀሙ ሆኑ። ይህ ሳምፕሊንግ የተባለው አሠራር በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የፐብሊክ ኤነሚና የቢስቲ ቦይስ የዚያ ዘመን አልበሞች የዚሁ ምስክሮች ናቸው።

ሦስቱ ወጣቶችና ሥራቸው

ዴ ላ ሶል ከብሮንክስ ሳይሆን ከኒው ዮርክ ከተማ በስተ ምሥራቅ ከሚገኘው የሎንግ አይላንድ ደሴት፣ አሚቲቪል ከተባለች ትንሽ ከተማ የወጣ ቡድን ነው። አባላቱ ኬልቪን መርሰር፣ ዴቪድ ጆሊከርና ቪንሰንት ሜሰን የአንድ አካባቢ ልጆች ሲሆኑ፣ አልበሙ ሲወጣ ሦስቱም ገና በሃያ ዓመት ዕድሜ ዙሪያ ላይ ነበሩ። የመድረክ ስም አወጣጣቸው እንኳ የጨዋታ መንፈሳቸውን ያሳያል፤ ጆሊከር የመረጠው «ትሩጎይ» የሚል ስም፣ እርጎ ማለት የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሚሰጠው ድምፅ ነው። የሥራቸው መሪ የሆነው ፕሪንስ ፖል የተባለው አዘጋጅ እርሱም የአሚቲቪል ልጅና ስቴትሳሶኒክ የተባለው ቡድን አባል ነበር። ስቴትሳሶኒክ በ1988 ዓ.ም. «ቶኪን ኦል ዛት ጃዝ» በሚል ዘፈን ሳምፕሊንግን ከነቃፊዎቹ ለመከላከል መነሣቱ በዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል።

አልበሙ በማንሃተን በሚገኘው ካላዮፒ ስቱዲዮ ተቀርጾ በቶሚ ቦይ ኩባንያ አማካይነት ወጣ። ሃያ አራት ክፍሎች አሉት፤ በውስጡ የሚገኙት ቅንጫቢዎችም ከስልሳ በላይ እንደሚሆኑ ይነገራል። የአልበሙን ልዩነት ለመረዳት የእነዚህን ቅንጫቢዎች ምንጭ መመልከት ይበቃል። የዚያ ጊዜ ሠሪዎች በብዛት የሚቀዱት ከጄምስ ብራውን ሸክላዎች ነበር። ዴ ላ ሶል ግን የወላጆቻቸውን ቤት የሸክላ ሣጥን እስከ ታች ድረስ የበረበሩ ይመስላሉ። «ሚ ማይሰልፍ ኤንድ አይ» የተባለው ዘፈናቸው በፈንካዴሊክ የ1979 ዓ.ም. ሥራ ላይ ተመሥርቷል። «አይ ኖው» በተባለው ውስጥ የስቲሊ ዳን «ፔግ» የተባለ ዘፈንና የኦቲስ ሬዲንግ ፉጨት ጎን ለጎን ይሰማሉ። «ሴይ ኖ ጎ» ከሆልና ኦትስ፣ «ዘ ማጂክ ነምበር» ደግሞ ቦብ ዶሮው ሕፃናትን በቴሌቪዥን ሒሳብ ለማስተማር ከደረሰው መዝሙር የተወሰዱ ናቸው። የአልበሙ ስም ራሱ የካንትሪ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ በ1959 ዓ.ም. ስለ ጎርፍ ካወጣው ዘፈን የተገኘ ነው፤ በካሽ ዘፈን ርዕስ ላይ ውኃው የሚደርሰው አምስት ጫማ ነበር፤ የአልበሙ ስም ግን ሦስት ይላል።

በመሠረቱ ይህ አሠራር ከእኛ ሙያ የራቀ አይደለም። የጥቁሩንና የነጩን፣ የሕፃናቱንና የአዛውንቱን፣ የከተማውንና የገጠሩን ዜማ በአንድ መደርደሪያ ላይ ማዋል፣ የማይገናኙ የሚመስሉትን ማገናኘት፣ የተረሳውን ከአቧራ አንሥቶ ለአዲስ ትውልድ ማሰማት ነው። ጥሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚሠራው ይህንኑ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ባለሙያው የመጽሐፉን ባለቤት በካርድ ላይ ይጽፋል።

በሙዚቃው ዓለም ያሳደረው ተፅዕኖ

የአልበሙ ተቀባይነት ፈጣን ነበር። «ሚ ማይሰልፍ ኤንድ አይ» በጥቁሮች ሙዚቃ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ። «ቪሌጅ ቮይስ» የተባለው የኒው ዮርክ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሙዚቃ ሐያስያንን ድምፅ እየሰበሰበ በየዓመቱ ባወጣው በነበረው ዝርዝር ላይም የ1989 ዓ.ም. ምርጥ አልበም ተብሎ ተመረጠ። ከዚህ ጊዜያዊ ስኬት ይልቅ ግን የዘለቀው ተፅዕኖ ሊመዘን ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ አልበሙ የራፕ ተናጋሪ ማን ሊሆን እንደሚችል የነበረውን አስተሳሰብ አሰፋ። የወርቅ ሐብልና የጉልበት ፉከራ የሙያው ልብስ በሆነበት ጊዜ፣ እነዚህ ወጣቶች ደማቅ አበባ በተሣለበት ሽፋን ብቅ ብለው ስለ ሰፈር ጓደኝነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳትና ስለ ድህነት በቀልድና በተሸፈነ አነጋገር ተናገሩ። በሰምና ወርቅ ላደገ አድማጭ ይህ ዘዴ እንግዳ አይሆንበትም፤ ከላይ ሲሰማ ጨዋታ፣ ውስጡ ሲመረመር ግን ቁም ነገር ነው። ዴ ላ ሶል ከጃንግል ብራዘርስ፣ ከኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስት፣ ከኩዊን ላቲፋና ከሌሎችም ጋር ሆነው «ኔቲቭ ታንግስ» የተባለውን ኅብረት አቆሙ። ከእነርሱ በኋላ የመጡ በርካታ ሠዓሊነትና ቀልድ የተዋሐዳቸው የሂፕ ሆፕ ሰዎች የሚመዘዙት ከዚህ ሐረግ ነው።

በአቀራረብ ረገድም ፕሪንስ ፖል በዘፈኖቹ መካከል የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድርን የሚያስመስሉ አጫጭር ትዕይንቶችን አስገብቶ ነበር። ይህ ዘዴ በ1990ዎቹ ዓመታት በአብዛኞቹ የራፕ አልበሞች ላይ እንደ ወግ ተወሰደ። አልበም ማለት የዘፈኖች ጥርቅም ብቻ ሳይሆን ከመነሻ እስከ መድረሻ ሊደመጥ የሚገባው አንድ ወጥ ድርሰት ነው የሚለው አስተሳሰብ በሂፕ ሆፕ ዘንድ እንዲጠነክር ረድቷል።

ክሱና የሕጉ መጥበቅ

አልበሙ ሲወጣ ቶሚ ቦይ ለብዙዎቹ ቅንጫቢዎች ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ለሁሉም ግን አልነበረም። ፈቃድ ካልተጠየቀባቸው መካከል «ትራንስሚቲንግ ላይቭ ፍሮም ማርስ» የተባለው አንድ ደቂቃ ያህል የሚቆይ አጭር መሸጋገሪያ ይገኝበታል። ይህ ክፍል የፈረንሳይኛ ቋንቋ ማስተማሪያ ከሆነ ሸክላ የተወሰደ ንግግርን፣ ዘ ተርትልስ የተባለው ቡድን በ1960ዎቹ መጨረሻ ከተጫወተው «ዩ ሾውድ ሚ» ከተባለ ዘፈን ቅንጫቢ ጋር አጣምሮ የቀረበ ነበር። የዘ ተርትልስ አባላት ሃዋርድ ኬይላንና ማርክ ቮልማን ከፍተኛ ካሣ በመጠየቅ ክስ መሠረቱ። ጉዳዩ ፍርድ ሳይሰጥበት ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ተቋጨ። ስለዚህ በሕግ ረገድ ያስቀረው ውሳኔ የለም፤ በሙዚቃ ኩባንያዎች ልብ ውስጥ ያስቀረው ፍርሃት ግን ብዙ ነው።

ፍርዱ የመጣው በሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 1991 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ዳኛ ኬቪን ደፊ፣ ቢዝ ማርኪ የተባለው የራፕ ሰው ከጊልበርት ኦሳሊቫን የ1972 ዓ.ም. ዘፈን ያለ ፈቃድ ቅንጫቢ በመውሰዱ ምክንያት ሽያጩ እንዲታገድ ወሰነ። ዳኛው የውሳኔውን ጽሑፍ የጀመረው ስርቆትን ከሚከለክለው ከዐሠርቱ ትእዛዛት አንዱን በመጥቀስ ሲሆን፣ ጉዳዩ ለወንጀል ምርመራም እንዲመራ አዘዘ። ከዚህ ውሳኔ በኋላ እያንዳንዱ ቅንጫቢ ሁለት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆነ፤ አንዱ ከዜማውና ከግጥሙ ደራሲ፣ ሌላው ደግሞ ከተቀረጸው ድምፅ ባለቤት። በ2004 ዓ.ም. አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሁለት ሴኮንድ የጊታር ድምፅ እንኳ ያለ ፈቃድ ሊወሰድ እንደማይችል ሲፈርድ፣ በ2016 ዓ.ም. ሌላው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከአንድ ሴኮንድ ሩብ ባነሰ ድምፅ ላይ በቀረበ ክስ ይህን አቋም ሳይቀበለው ቀረ። ስለዚህ በዚያው አገር ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች የተለያየ አቋም ያዙ ማለት ነው።

ውጤቱ በሙዚቃው ላይ በግልጽ ታየ። ስልሳ ቅንጫቢ ያለው አልበም ለመሥራት ስልሳ ባለመብቶችን ማግባባት ስለሚጠይቅ፣ ሠሪዎቹ በአንድ ዘፈን አንድ ወይም ሁለት ቅንጫቢ ብቻ መጠቀምን፣ አለዚያም ስልቱን በሙዚቀኛ እንደ ገና ማስጫወትን መረጡ። በዚህ ዓይነት በ1989 ዓ.ም. የነበረው የበለጸገ አሠራር በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ ውድ ሆነ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዳያዘነብል መጠንቀቅ ይገባል። በወጣትነቱ የተጫወተው ዜማ ሳይነገረው በሌላ ሰው ሥራ ውስጥ የሚሰማ ሙዚቀኛ ቢከፋው ተገቢ ነው። ድምፁ እንጀራው ነውና። ጥፋቱ የቅንጫቢው መወሰድ ሳይሆን የባለቤቱ አለመጠየቅ ነው። ፈቃድ የሚገኝበት መንገድ ባልተደላደለበት ጊዜ ደግሞ ሰጪውም ተቀባዩም ይጎዳሉ፤ አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ሥራውን ያጣል።

ክብር ያልከፈተው በር

የዴ ላ ሶል ትልቁ መከራ የመጣው ግን ከክሱ ሳይሆን ከውሎቹ አጻጻፍ ነው። ለአልበሙ ቅንጫቢዎች በጊዜው የተፈረሙት ፈቃዶች የተጻፉት በዚያ ዘመን ለነበሩት ለሸክላና ለካሴት በሚስማማ ቃል ነበር። ወደ ፊት ሊፈጠር ስለሚችል የማሠራጫ ዘዴ የሚናገር ሐረግ አልነበረባቸውም። ሙዚቃ በኢንተርኔት መሸጥና መደመጥ ሲጀምር፣ የአልበሙ ባለመብቶች የቀድሞው ፈቃድ አዲሱን መንገድ ይሸፍናል ብለው በድፍረት ሊናገሩ አልቻሉም። ከስልሳ የሚበልጡ ቅንጫቢዎችን እንደ ገና ማስፈቀድ ደግሞ ወጪውም ድካሙም የሚያሠጋ ሆነ። የቶሚ ቦይ የቀድሞ ሥራዎች በዋርነር ኩባንያ እጅ በቆዩባቸው ዓመታት ጉዳዩ ሳይነካ ቀረ።

በዚህ መካከል የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2000 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት በየዓመቱ ሃያ አምስት ቅጂዎችን ለሚመርጥበት ብሔራዊ የድምፅ መዝገብ ይህን አልበም አጨ፤ የ2010 ዓ.ም. ምርጫ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆንም ስሙ ከተመረጡት ጋር ተነበበ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉ። የአንድ አገር ከፍተኛው ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቅ ያለውን ሥራ፣ ያ ትውልድ ሙዚቃን በሚያገኝበት መንገድ ሊያገኘው አልቻለም። የዚያን ጊዜ ወጣት የኤ ትራይብ ኮልድ ኩዌስትን አልበሞች በስልኩ ሲሰማ፣ መንገዱን የጠረጉለትን የዴ ላ ሶልን ሥራ ግን ከአሮጌ ሸክላ ነጋዴ ወይም ሕገ ወጥ ከሆነ ቅጂ ካልሆነ አያገኘውም ነበር።

ቡድኑ ራሱ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ አልበሙ ሃያ አምስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ የቀድሞ ሥራዎቹን በሙሉ ለሃያ አምስት ሰዓት ያህል በነፃ ለአድማጭ ለቀቀ። በ2016 ዓ.ም. ያወጣውን አልበም ሲሠራ ደግሞ ከሕዝብ በመዋጮ ከ600,000 ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ ሙዚቀኞችን ቀጥሮ ከሁለት መቶ ሰዓት በላይ አስጫወተ፤ ከዚያም ቅንጫቢ የወሰደው ከራሱ ቅጂ ላይ ነበር። የማንንም ፈቃድ ላለመሻት የራስን ሸክላ ቤት እስከ መመሥረት መድረስ ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበደ ያሳያል።

በ2017 ዓ.ም. ሥራዎቹ ወደ ቶሚ ቦይ ተመለሱ። በ2019 ዓ.ም. በኢንተርኔት ሊወጡ ሲሉ፣ ቡድኑ ለእርሱ የሚደርሰው ከገቢው ዐሥር በመቶ ብቻ መሆኑን ገልጾ በይፋ ስለ ተቃወመ ነገሩ ቆመ። በ2021 ዓ.ም. ሬዘርቮር የተባለ ኩባንያ ቶሚ ቦይን በ100 ሚሊዮን ዶላር ግድም ገዛ፤ ከቡድኑም ጋር ተስማማ፤ የቅንጫቢዎቹ ፈቃድ አንድ በአንድ ተመረመረ። በመጨረሻም አልበሙ በወጣ በሠላሳ አራተኛው ዓመት፣ ማርች 3 ቀን 2023 ዓ.ም.፣ ለዓለም አድማጭ ተከፈተ። ትሩጎይ የተባለው ዴቪድ ጆሊከር ግን በሃምሳ አራት ዓመቱ ያረፈው ፌብሩዋሪ 12 ቀን በዚያው ዓመት ነበር። ሥራው የተከፈተበትን ዕለት ለማየት ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። የኢትዮጵያ ሸክላዎችም በዚሁ የቅንጫቢ ጥበብ ውስጥ ገብተዋል። ናስና ዳሚያን ማርሌ በ2010 ዓ.ም. በጋራ ባወጡት «ዲስታንት ሬለቲቭስ» በተባለ አልበም የሚገኘው «አዝ ዊ ኤንተር» የተሠራው ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» በተወሰደ ድምፅ ላይ ነው። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ ስም ያሳተማቸው ሸክላዎችና የዚያ ዘመን ሌሎች ሥራዎች፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ቅጂዎች አማካይነት በዓለም ዙሪያ ተሰምተዋል። በሸክላ ላይ የነበረ ድምፅ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኢንተርኔት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሰው ዘፈን ሲሻገር፣ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ «የማን ነው? ማን ፈቀደ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። በአገራችንም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲያን ብቻ ሳይሆን ለከዋኞችና ለድምፅ ሪከርድ አዘጋጆችም መብት ሰጥቷል። መብቱ በሕግ አለ፤ መብቱ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳው ወረቀት ግን የት አለ?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የድምፅ ክፍል ውስጥ ሲሠራ፣ አንድ ቤተሰብ በሞት የተለየ አባታቸው ያሰባሰቡትን የቴፕ ክምችት በስጦታ አመጣ። የመረከቢያ ቅጻችን የሚጠይቀው የቴፑን ብዛት፣ የይዞታውን ሁኔታና የተረካቢውን ፊርማ ነበር። ቅጹን ሞልተን፣ አመስግነን ሸኘናቸው። ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ ከቴፖቹ አንዱን በጥናቱ አባሪነት ለማሳተም ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በቴፑ ላይ የሚሰማው ድምፃዊ ማን እንደ ሆነ፣ የሰጪው ቤተሰብ ፈቃድ እስከ ምን እንደሚደርስ፣ ወራሾቹም የት እንደሚገኙ ሊነግረው የሚችል ሰው አልተገኘም። ቴፑ ደህና ነበር፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነበር። ተመራማሪው ግን ባዶ እጁን ተመለሰ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን ቅጹን ሳይጠይቅ የሞላው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው።

ስለዚህ የድምፅ ክምችት በምንረከብበት ጊዜ ቢያንስ ጥቂት ነገሮችን ከዕቃው ጋር አብረን እንድንመዘግብ ለባልደረቦቻችን ማሳሰብ እንወዳለን። የዜማውና የግጥሙ ደራሲ፣ ድምፃዊውና አጃቢ ሙዚቀኞቹ በስም ሊጻፉ ይገባል፤ የተቀረጸበት ቦታና ጊዜም እንዲሁ። ሰጪው የሚፈቅደው ለማስደመጥ ብቻ እንደ ሆነ፣ ለማባዛት ወይም ለማሠራጨት ጭምር እንደ ሆነ ተለይቶ ይገለጽ። ፈቃዱ አሁን በሚታወቀው ዘዴ ብቻ ሳይወሰን ወደ ፊት ለሚፈጠረውም የሚያገለግል መሆን አለመሆኑ በግልጽ ቃል ይስፈር፤ የዴ ላ ሶልን አልበም ለዓመታት የዘጋው የዚህች አንዲት ሐረግ መጉደል ነውና። የባለመብቱ አድራሻና የወራሾቹ ስም ተይዞ በየጊዜው ይታደስ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ሰጪው ገና በፊታችን ተቀምጦ ሳለ የምንሰጠው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ይህ ሰዓት ካለፈ ግን በገንዘብም በዳኛም መልሶ ለማግኘት እንደሚያስቸግር ከላይ ያየነው ታሪክ ይመሰክራል።

መደምደሚያ

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት እንዳልሆነ በማስታወስ ጽሑፉን እንፈጽማለን። የጥንት የብራና ጸሐፊዎቻችን መጽሐፉን ጽፈው ሲጨርሱ የጸሐፊውንና የአጻፊውን ስም ያሰፍሩ ነበር፤ መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ይጠቅሱ ነበር፤ የሰረቀውንና የፋቀውንም በውግዘት ያስሩ ነበር። ይህ ሁሉ የሚጻፈው በሌላ መዝገብ ሳይሆን በዚያው ብራና ላይ ነበር። ስለዚህም መጽሐፉ ከደብር ወደ ደብር፣ ከአገርም ወደ አገር ሲሄድ የማን እንደ ነበረ ራሱ ይናገራል። ዛሬ በየክፍላችን የምንረከበው ሸክላና ካሴትም የዚያን ያህል ክብር ይገባዋል። ነገ ጠዋት አንድ የቴፕ ሣጥን ይዞ ወደ ጠረጴዛችን ለሚመጣው ሰው ወንበር አቅርበን፣ ከብዛቱና ከይዞታው አስቀድመን ስለ ስሙና ስለ ፈቃዱ እንጠይቀው።